በቨርጂኒያ የሪል እስቴት ላይሰንስ አወጣጥ፦ ከኮርሱ እስከ መጀመሪያው ክሎዚንግ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ ማንሳት ነው። «ጥሩ ኤጀንት ታውቃለህ?» ብሎ ጓደኛውን፣ የንስሐ አባቱን፣ የእቁብ ሰብሳቢውን ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ወደ እርስዎ የሚመላለስ ከሆነና ሰው ገንዘቡን የሚያማክርዎት ከሆነ ላይሰንሱን ለማውጣት የሚበቃ መነሻ አለዎት። እኔ ላይሰንሴን ያወጣሁት ኡበር እየነዳሁ ነው። አብዛኛውን ትምህርት የጨረስኩት ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። እዚህ የምጽፈው ያኔ በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ የምመኘውን ነው።

ወደ ወረቀቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። አገር ቤት ደላላ የምንለው ሰው ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ ከሁለቱም ይቀበላል፣ ዋናው ጉዳዩ ውሉ መፈጸሙ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ኤጀንት ማለት ይህ አይደለም። ኤጀንት አንድን ወገን ወክሎ ይቆማል፤ የዚያን ሰው ምስጢር ይጠብቃል፣ ጥቅሙን ከራሱ ኮሚሽን ያስቀድማል። ሕጉ ደግሞ ጀማሪውን ሴልስፐርሰን ይለዋል። ብሮከር ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ደረጃ ነው፤ ሴልስፐርሰን ያለ ብሮከር ብቻውን መሥራት አይችልም። ይህን ልዩነት አሁኑኑ የያዘ ሰው ፈተናውም ሥራውም ይቀለዋል።

መጀመሪያ፦ መሥፈርቱን ያሟሉ

ዕድሜዎ 18 ዓመት የሞላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወይም ተመጣጣኝ ማስረጃ ያለዎት መሆን አለብዎት። የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎ ከኢትዮጵያ ከሆነ አስተርጉመው ከፋይልዎ ጋር ያስቀምጡት፤ ሲጠየቁ ከመሯሯጥ ይድናሉ። ማመልከቻው ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የቨርጂኒያ ዲኤምቪ የሚሰጠው የመቆጣጠሪያ ቁጥር ይጠየቃል።

ከዚህ በፊት የወንጀል ቅጣት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። ቅጣት መኖሩ ብቻውን በሩን አይዘጋም፤ ላይሰንሱን የሚሰጠው የቨርጂኒያ ሪል እስቴት ቦርድ ጉዳዩን አይቶ ይወስናል። የሚጎዳው መደበቁ ነው። የጣት አሻራ ስለሚወሰድ የተደበቀው መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ከጥፋቱ ይልቅ ውሸቱ ያስጠይቃል።

ሁለተኛ፦ የ60 ሰዓቱን ኮርስ ይውሰዱ

የኮርሱ ስም «የሪል እስቴት መርሆዎች» ነው። ቦርዱ በፈቀደለት ትምህርት ቤት፣ በአካል ወይም በኦንላይን መውሰድ ይቻላል። የግል ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ከ200 እስከ 500 ዶላር ያስከፍላሉ። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም ኖቫ የምንለው፣ በሴሚስተር ይሰጠዋል። ከመክፈልዎ በፊት ትምህርት ቤቱ በቨርጂኒያ ሪል እስቴት ቦርድ የተፈቀደለት መሆኑን ያጣሩ፤ ቦርዱ የሚገኘው ሁላችንም ዲፖር በምንለው የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

ኦንላይን ወይስ ክፍል? እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ሰው እኔ ክፍሉን እመርጥለታለሁ፤ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ዋጋ አለው። በፈረቃ የሚሠራ ግን ኦንላይኑን ይውሰድና በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይመድብ። በዚህ ሂሳብ ከስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። ሦስት ሳምንት አቋርጦ የተመለሰ ሰው የጠፉትን ቃላት ለማስታወስ ብቻ ሌላ ሳምንት ይፈጅበታል።

ቃላት ካልኩ አይቀር፣ እኛን የሚያስቸግረን ሕጉ ሳይሆን ቃሉ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዙ፤ በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ በኩል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ በራስዎ አነጋገር ይጻፉ። ኢዝመንት በሌላ ሰው ይዞታ ላይ የማለፍ ወይም የመገልገል መብት ነው። ሊን በንብረቱ ላይ የተመዘገበ ዕዳ ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ ሳይከፈል አይታለፍም። ኤስክሮ ውሉ እስኪጠናቀቅ በገለልተኛ እጅ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው።

በ«ኦር» እና በ«ኢ» የሚያልቁትን ጥንዶች ለብቻ ያጥኑ። በ«ኦር» የሚያልቀው ሰጪ፣ በ«ኢ» የሚያልቀው ተቀባይ ነው። ግራንተር ባለቤትነቱን የሚያስተላልፍ ነው፤ ግራንቲ የሚቀበለው ነው። ሞርጌጀር ማን ነው? ብዙ ሰው ባንኩ ይመስለዋል። ባንኩ የሰጠው ብድር ነው፤ ሞርጌጅ ማለት ግን መያዣው ነው። ቤቱን በመያዣነት የሚሰጠው ተበዳሪው ስለሆነ ሞርጌጀሩ ተበዳሪው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል። እንግሊዝኛው ክላየንት እና ከስተመር ብሎ የሚለያቸውን አማርኛ ሁለቱንም «ደንበኛ» ይላቸዋል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። ክላየንት በውል የሚወክሉት ሰው ነው፤ ታማኝነትዎ፣ ምስጢር መጠበቅዎ፣ ምክርዎ ሁሉ የእሱ ነው። ከስተመር በማዶ ያለው ሰው ነው። ለእሱ ያለብዎት በሐቀኝነት ማነጋገር፣ የሐሰት መረጃ አለመስጠት፣ ስለ ቤቱ አካላዊ ሁኔታ የሚያውቁትን ከባድ ጉድለት መንገር ነው፤ ምክር ግን የለብዎትም። እኔ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስወስድ የስቴቱን ክፍል የወደቅኩት በዚህ ነው። ጥያቄውን ሳነብ በጭንቅላቴ ሁለቱንም «ደንበኛ» ብዬ እተረጉምና ለማያገባው ሰው ታማኝነትን እሰጠው ነበር። ደብተርዎ ላይ ክላየንትን «የምወክለው»፣ ከስተመርን «የማልወክለው» ብለው ይጻፉ። እኔ በሁለተኛው ፈተና ያለፍኩት እንዲህ ጽፌ ነው።

ሦስተኛ፦ ፈተናው

ፈተናውን የሚሰጠው ፒኤስአይ የሚባል ድርጅት ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ 80 ጥያቄ ያለው አገር አቀፉና 40 ጥያቄ ያለው የቨርጂኒያው። ለማለፍ ከ80ው 56፣ ከ40ው 30 መመለስ ያስፈልጋል። ልብ ይበሉ፣ የስቴቱ ክፍል 75 በመቶ ነው የሚጠይቀው፤ አስር ጥያቄ ብቻ ነው መሳት የሚችሉት። አንዱን አልፈው ሌላውን ከወደቁ የሚደግሙት የወደቁትን ብቻ ነው።

የስቴቱን ክፍል ለማጥናት ቁጥሮቹን ይያዙ። ቀብድ ውሉ በሁለቱም ወገን ከጸደቀ በኋላ ባሉት አምስት የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ ኤስክሮ አካውንት መግባት አለበት። የኪራይ ዲፖዚት ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ተከራዩ ከለቀቀ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ሂሳቡ ይሠራለታል። ቨርጂኒያ ገዢው ራሱ እንዲጠነቀቅ የሚጠብቅ ስቴት ነው፤ ሻጩ ጉድለቱን ሁሉ ዘርዝሮ የመናገር ግዴታ የለበትም። ይህ ሥራ ላይ ሲገቡ የቤት ኢንስፔክሽን ለምን እንደማይዘለል ያስረዳዎታል።

ሂሳቡ አያስፈራ። አንድ ኤከር 43,560 ስኩዌር ፊት መሆኑን፣ አንድ ፖይንት የብድሩ አንድ በመቶ መሆኑን፣ የዓመት ታክስን በቀን መከፋፈልን ካወቁ አብዛኛው ይሠራል። «ከሚከተሉት የማይሆነው የቱ ነው» የሚሉ ጥያቄዎችን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚፈተን ሰው «የማይሆነው» የምትለውን ቃል በቀላሉ ይዘላታል።

አራተኛ፦ አሻራና ማመልከቻ

እዚህ ጋ የጊዜ ነገር አለ። የጣት አሻራ ከሰጡ በኋላ ማመልከቻዎ በ45 ቀን ውስጥ ቦርዱ ዘንድ መድረስ አለበት። ፈተናውን ካለፉበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ያለዎት 12 ወር ነው። ስለዚህ አሻራውን ቀድመው ሰጥተው ብሮከር ፍለጋ ሁለት ወር አይዙሩ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፈተናውን ማለፍ፣ ብሮከር መምረጥ፣ ከዚያ አሻራና ማመልከቻን አብሮ መጨረስ ነው። ላይሰንሱ ሥራ ላይ የሚውለው ብሮከሩ ፈርሞ በእሱ ሥር ሲመዘገቡ ነው። ያለ ብሮከርም ላይሰንሱን አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መሥራት ግን አይቻልም።

አምስተኛ፦ ብሮከር ሲመርጡ

ሁለት ሦስት ቢሮ ሄደው ያነጋግሩ። እነሱ እርስዎን ይፈልጋሉ፤ ሥራ እንደሚለምን ሰው አንገትዎን ደፍተው አይግቡ። አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት በመቶ ትሰጡኛላችሁ?» ብሎ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውሎች ከጎኔ ተቀምጦ የሚያየው ማን ነው? ስሙን ይንገሩኝ፣ ቅዳሜ ማታ ስደውል ስልኩን ያነሳል ወይ?

ከዚያ ገንዘቡን ይጠይቁ። በየወሩ የሚከፈል የቢሮ ክፍያ አለ? በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የሚቆረጥ አለ? የስህተት ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ምሳሌ እንውሰድ። 500,000 ዶላር የተሸጠ ቤት ላይ ገዢውን ወክለው 2.5 በመቶ ተዋውለዋል እንበል። ይህ 12,500 ዶላር ነው። ክፍፍሉ 70 ለ30 ከሆነ የእርስዎ 8,750 ነው። ታክስ የሚቀንስልዎ አሠሪ የለም፤ በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ፣ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለውን 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል፣ የገቢ ታክሱ በላዩ ይመጣል፣ እሱም በዓመት አራት ጊዜ በግምት ይከፈላል። ከእያንዳንዱ ቼክ ሲሶውን ወደማይነካ አካውንት ያስገቡ። ኮሚሽን በሕግ የተተመነ አይደለም፤ በድርድር ነው።

ከብሮከሩ በኋላ የማኅበር አባልነትና የቤቶች ዝርዝር መረጃ ቋት ክፍያ ይመጣል። በእኛ አካባቢ ቋቱ ብራይት ኤምኤልኤስ ይባላል። ሪልተር የሚለው ስም ለአገር አቀፉ የሪልተሮች ማኅበር አባላት ብቻ ነው፤ ላይሰንስ ያለው ሁሉ ሪልተር ነኝ ማለት አይችልም።

ኡበሩን ወይም የቀን ሥራውን ወዲያው አይተዉ። በብድር የሚገዛ ቤት ውሉ ከተፈረመ በኋላ ክሎዚንግ ላይ፣ ማለትም ገንዘቡ ተከፍሎ ቤቱ ወደ ገዢው የሚዛወርበት ቀን ላይ፣ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ቀን ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ፍለጋው አለ፣ ተቀባይነት ያላገኙት ኦፈሮች አሉ። የስድስት ወር ወጪ ይኑርዎት። ኪራይ የጎደለበት ኤጀንት ክላየንቱን «ይህን ቤት ተወው» ለማለት ድፍረት ያጣል፤ የሥራው ዋና ነገር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ተወው ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ በራሳችን ሰው መካከል ሲሠሩ

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ኮርሱ ስለእኛ ኑሮ ስለማያስተምር ነው።

የመጀመሪያው የጥቆማ ገንዘብ ነው። ሰው ያመጣልዎት ጓደኛ «የእኔስ?» ይላል፤ በእኛ ባህል መስጠት ነውር የለውም፣ እንዲያውም አለመስጠት ስስት ይመስላል። ሕጉ ግን ላይሰንስ ለሌለው ሰው ገዢ ወይም ሻጭ ስላመጣ ክፍያ መስጠትን ይከለክላል። እርስዎም ኮሚሽን መቀበል የሚችሉት ከራስዎ ብሮከር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ሬስፓ የሚባለው፣ ከብድር ሰጪ ወይም የቤቱን ባለቤትነት ከሚያጣራው ታይትል ኩባንያ የጥቆማ ገንዘብ መቀበልንም ይከለክላል። ለጓደኛዎ እውነቱን ይንገሩት፦ «ብሰጥህ ላይሰንሴን ያሳጣኛል።» የሚወድዎት ይገባዋል። ላይሰንስ ሳይኖር ኤጀንት ሆኖ መሥራት ደግሞ ቨርጂኒያ ላይ ወንጀል ነው፤ ኮርሱን እየወሰዱ «እስከዚያ» ብሎ ቤት ማሳየት የለም።

ሁለተኛው «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ውሰደኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። ጠያቂው ክፋት የለውም፤ እናቱ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ቡና የምትጠራው ጎረቤት እንድታገኝ ፈልጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ግን ሰውን በዘሩ፣ በትውልድ አገሩ ወይም በሃይማኖቱ ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ከዘር፣ ከቀለም፣ ከትውልድ አገርና ከሃይማኖት በተጨማሪ ጾታ በ1974፣ አካል ጉዳትና የልጆች መኖር በ1988 ተጨምረዋል። ቨርጂኒያ ዕድሜው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ የገቢ ምንጭን፣ የወታደርነት ሁኔታን፣ ጾታዊ ዝንባሌንና የጾታ ማንነትን ትጨምራለች። ታዲያ ምን ይላሉ? ቦታውን እሱ ይምረጥ። «ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አድራሻ በአምስት ማይል ውስጥ» ወይም «ከዚህ መስጊድ አጠገብ» ካለ ርቀቱን ለክተው ይፈልጉለታል። «ጥሩ ሰው ያለበት የት ነው?» ሲል መልሱ የእርስዎ አይደለም። ስለ ትምህርት ቤት ወደ ካውንቲው ድረ ገጽ፣ ስለ ወንጀል ወደ ፖሊስ መረጃ ይምሩት። ከአገር ቤት የመጣ የብሔር ቅራኔም እዚህ ቦታ የለውም፤ ሁሉም እኩል ቤት ይታያል፣ ስልኩ እኩል ይነሳለታል።

«ቤዝመንት ለኪራይ፣ ለሐበሻ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው አይተው ይሆናል። ራሱ የሚኖርበትን ትንሽ ቤት የሚያከራይ ባለቤት ከአንዳንድ ግዴታዎች ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ ማስታወቂያው ግን ነፃ አይደለም። ኤጀንት ከሆኑ በኋላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በእርስዎ እጅ አይጻፍ፣ በስልክዎም አይተላለፍ።

ሦስተኛው የእቁብ ገንዘብ ነው። እቁብ ብዙ ወገኖቻችንን ባለ ቤት አድርጓል፣ እኔንም ጨምሮ። ብድር ሰጪው ግን በባንክ መግለጫ ላይ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ሲያይ ከየት እንደመጣ በወረቀት ይጠይቃል። ቤቱን ወደውት፣ ውል ፈርመው፣ ቀብድ ከፍለው ካበቁ በኋላ ጥያቄው ቢመጣ ያኔ ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቡና ላይ ይጠይቁ፦ «ዳውን ፔይመንቱ የት ነው ያለው? ባንክ ከገባ ስንት ጊዜ ሆነው?» እቁብ ካለበት ወዲያው ለብድር ባለሙያው በግልጽ ይነገረው፤ ከዘመድ ስጦታ ከሆነ የስጦታ ደብዳቤ አለ። «ስጦታ ነው በልና እለፈው» የሚል ኤጀንት ሰውዬውን ፌዴራል ሰነድ ላይ እንዲዋሽ እያደረገው ነው።

አራተኛው ፊርማ ነው። እማማ ኢሜይል የላቸውም፣ ልጃቸው ሥራ ላይ ነው፣ ውሉ ዛሬ ማታ መመለስ አለበት። «እኔ ልክፈትልዎትና ልጫንልዎት» ማለት ደግነት ይመስላል። በሰው ስም መፈረም ነው፤ አያድርጉት። መኪናዎን አስነስተው ይሂዱ፣ ወረቀቱን በአማርኛ ያስረዷቸው፣ ራሳቸው ይፈርሙ። ሲያስረዱም ውሉ ምን እንደሚል ይናገሩ እንጂ የሕግ ምክር አይስጡ፤ «ውሉን ባፈርሰውስ ምን ይመጣብኛል?» ሲሉዎት ጠበቃ እንዲያማክሩ ይንገሯቸው።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያው ገዢ

እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 17፣ 2024 ጀምሮ፣ በአገር አቀፉ የሪልተሮች ማኅበር የፍርድ ቤት ስምምነት ምክንያት፣ ገዢን ቤት ከማሳየት በፊት የጽሑፍ ውል መፈረም ግድ ሆኗል። ውሉ ክፍያዎ ስንት እንደሆነ በቁጥር ያስቀምጣል፤ ክፍያው በድርድር መሆኑንም ይገልጻል። ለእኛ ይህ ከባድ ነው። የሚያውቁትን ሰው፣ አንድ ላይ ማኅበር የሚጠጡትን፣ «ፈርምልኝ» ማለት ያለመታመን ይመስላል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ይህ ወረቀት እኔን ያስረኛል። ከፈረምን በኋላ የአንተ ነኝ፤ የነገርከኝን ለሻጩ መናገር አልችልም።» ከዚያ ጊዜውን አጭር አደርገዋለሁ፣ ለምሳሌ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ወይም ለሠላሳ ቀን፤ ካልተስማማን ያለ ቅሬታ እንለያያለን። እስካሁን በዚህ መንገድ አስረድቼው አልፈርምም ያለኝ የለም።

ሻጩ ሰው በጎንዎ ሹክ ብሎ «ገዢው እስከ ስንት ይሄዳል?» ሲልዎት ደብተሩን ያስታውሱ፤ ያ ሰው የማይወክሉት ነው።

ስምንተኛ፦ ላይሰንሱ ሳይሞት

የመጀመሪያው ዓመት ወጥመድ እዚህ ነው። ላይሰንሱ በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአዲስ ኤጀንት የሚሰጠውን የ30 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መጨረስ ግዴታ ነው። ካልጨረሱ ላይሰንሱ ከሥራ ውጭ ይደረጋል፤ ክሎዚንግ መካከል ይህ ቢደርስብዎት ማን ይረከብዎታል? በሦስተኛው ወር ይጀምሩት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ 16 ሰዓት ነው፤ ስምንቱ የተወሰነ ነው፣ ሥነ ምግባርና ፍትሐዊ መኖሪያ ውስጡ አሉ።

ፖቶማክን ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ «የእኔንስ ቤት?» ሲልዎት የቨርጂኒያው ላይሰንስ ሜሪላንድ ላይ አይሠራም። እዚያ ለመሥራት የሜሪላንድን ላይሰንስ ማውጣት አለብዎት፤ ደግነቱ አገር አቀፉን ፈተና አይደግሙም፣ የስቴቱን ክፍል ብቻ ነው የሚፈተኑት። እስከዚያ በብሮከርዎ በኩል ለሜሪላንድ ኤጀንት ያስተላልፉት፤ ከብሮከር ወደ ብሮከር የሚሄድ የጥቆማ ክፍያ የተፈቀደ ነው።

የራሱን ቢሮ መክፈት የሚፈልግ ሰው ለብሮከር ላይሰንስ ካለፉት 48 ወራት በ36ቱ በሥራ ላይ የቆየ መሆን፣ 180 ሰዓት ትምህርት መውሰድና ሌላ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። የሠሩበትን ጊዜ የሚያረጋግጥልዎት የሠሩበት ብሮከር ስለሆነ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ተኳርፈው አይውጡ፤ ከመውጣትዎ በፊትም የሽያጭ ዝርዝርዎን ከነቀኑ አስፈርመው ቤትዎ ያስቀምጡ።